ድንኳን የሚፈራው ካሜራ

«ሙሽራዋን ጉም አስመስሎ፣ ሳህን ተሸካሚዋን እንደ ሙሽራ አስውቦ ያመጣልናል እንዴ? ይሄ ፎቶ ነው ይሄ?»

ከሸነን የመጡት ሴትዮ ድምፅ ፊተኛውን ክፍል አልፎ፣ መጋረጃውን ሰንጥቆ፣ ሸዋነሽ ሽንኩርት እየላጠች እተቀመጠችበት ድረስ መጣ። ቤቱ እንዲህ ነው፤ ከፊት ፎቶ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ፣ በመሀል አንድ ቡናማ መጋረጃ። ደንበኛ ያስነጠሰው እንደሆነ ከጓዳ «ይማርህ» ይባላል። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ዛሬም «ፎቶ ሀገረ ሕይወት» ይላል፤ አምቦ በዚያ ስም ትጠራ በነበረ ጊዜ የተሬፋ አባት ያሠሩት ነው፣ ተሬፋም እስካሁን አልቀየረው። ሸዋነሽ ቢላዋዋን አስቀምጣ ባሏ የሚመልሰውን ጠበቀች። መልሱ የተለመደው ነበር።

«ካሜራው ነው እመቤት። ካሜራው ታሞብኝ ነው።»

«ታዲያ የታመመ ካሜራ ተይዞ የሰው ሠርግ ይኬዳል?» አሉና ሴትዮዋ አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ።

ሸዋነሽ አፈረች። ማፈሩንስ አፈረች፤ ግን እግዜር ይቅር ይበላትና ሆዷ ውስጥ ደስታ ቢጤም ሽው አለ። ያቺ ሳህን ተሸካሚ ልጇ ሃዋኒ ናታ! ተሬፋ አልበሙን በመጋረጃው ሥር አሳልፎ «አቃጥይው» ሲላት ተቀበለችው፤ ተቀብላም ወደ ምድጃው ሳይሆን ወደ ሣጥኗ ሄደች። ሣጥኑ ውስጥ፣ ከበዓል ቀሚሷ ሥር፣ አቃጥይ ተብላ ያላቃጠለቻቸው ፎቶዎች አሉ። የጉደር ሠርግ አለ፣ የጌዶ አለ፣ እዚሁ አምቦ የተደገሰ አለ። በሁሉም ላይ ኬክ የሚቆርሱት ሙሽሮች ተድበስብሰዋል፤ ከኋላቸው ሃዋኒ ጥርት ብላ ቆማለች፣ የጆሮ ጉትቻዋ እንኳ ይታያል። የጥር ወሯ ሃዋኒ ቀጭን ናት። የሚያዝያዋ ነጠላ ወገቧ ላይ አድርጋለች። የግንቦቷ ሳህኑን ከሆዷ አርቃ ነው የያዘችው። ሸዋነሽ የልጇን ማርገዝ ከሰው አፍ አልሰማችም፤ ከታመመ ካሜራ ነው ያየችው። አሁን ስምንተኛ ወሯ እንደሆነ በጣቷ ቆጥራ ደርሳበታለች።

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፣ ያገር ወግ ነው። ሴት ልጅ የቱንም ያህል ብትከብር፣ የቱንም ያህል ባል ቢወዳት፣ ለመጀመሪያው ምጧ እናቷ ቤት መጥታ፣ እናቷ ገንፎውን አገንፍታ፣ እናቷ አርሳት ነው የምትሄደው። ሸዋነሽ ከዚህ ሌላ ከዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። ሃዋኒ እዚያ ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ትተኛ፣ እሷ ደግሞ ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ትነሳ፤ ይኸው ነው። ግን እንዴት ተደርጎ? ተሬፋ ምሏል።

ተሬፋ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ በምረቃ ካባ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው፤ ፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ባዶ ምስማር አለች፣ ለሃዋኒ የምረቃ ፎቶ ብሎ ገና ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመታት። ሃዋኒ ታዲያ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቷን ትታ፣ ገለታ ከሚባል ከጌዶ እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ጋር ጎጆ ወጣች። ሽማግሌ የለ፣ ምርቃት የለ። የዚያን ለት ተሬፋ በዕድር ሰው ፊት ቆሞ «ከዛሬ ወዲያ ባያት ሚካኤል ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ። ሰው ሲምል በልጁ ይምላል፣ በአባቱ አጥንት ይምላል፤ ፎቶ አንሺ ሆኖ በዓይኑ የሚምለውን ምን ይሉታል? አባቱም እኮ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ነው የሞቱት። የንስሐ አባቱ መሐላውን ሊፈቱለት አንዴ ቢሞክሩ፣ «አባ፣ እርስዎ ቢፈቱኝ ሚካኤል ይፈታኛል ወይ?» ብሎ ከደጅ መለሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። ሸዋነሽ ድሮ ባሏን «አባ ሃዋኒ» ነበር የምትለው፤ ያ ስም አፏ ላይ ሞተና «ስማ» ሆነ። እሱም «አንቺ» ይላታል። ራት ላይ አንዱ ጨው ሲፈልግ ራሱ ተነስቶ ያመጣል። ማታ ማታ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ስታለቅስ እሱ ይሰማል፤ መስማቱን ታውቃለች፣ ትንፋሹ ይቆማልና። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሻል ብሏት አያውቅም።

የካሜራው ነገር ደሞ ግራ ነው። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ጋራንቲው ያላለቀ፣ ከአዲስ አበባ ከራሱ ከኩባንያው ወኪል የተገዛ ዕቃ ነው። እዚህ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድም ቀን አጥፍቶ አያውቅም። ተሬፋ ደንበኛውን በርጩማው ላይ ያስቀምጣል፤ «ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ ዓይን እንዳይከደን» ይላል፤ ከዚያ ራሱ ይሄድና የደንበኛውን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ያስተካክላል። ሹም ይሁን ቄስ፣ አገጩን ሳይነካ ያነሳው ሰው አምቦ ውስጥ የለም፤ «ተሬፋ ያልዳሰሰው አገጭ ገና ያልተወለደ ነው» ይባላል። ያ ፎቶ ጠጉር ሳይቀር ቆጥሮ ይወጣል። ሠርግ ሲሄድ ግን ካሜራው ይታመማል። ሁሉንም አያበላሽም፤ መርጦ ነው፣ ቀለበቱን፣ ኬኩን፣ ሳቁን። የከተማው ሰው «የተሬፋ ካሜራ ድንኳን ይፈራል» እያለ ይቀልዳል። ከፎቶው ጀርባ ያለችው ማን እንደሆነች የሚያውቁም አሉ፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም፣ የሰው ጉዳት ነው።

ሸዋነሽ በጋራንቲው አሠራው ስትለው፣ አንዴ ዝናብ ነው ይላል፣ አንዴ መንገዱ ይላል፣ አንዴ «እነሱ ምን ያውቃሉ» ይላል። ከዚህም የባሰ ያመጣው አመል አለ። ሠርግ ይዘው የሚመጡትን ሁሉ፣ ቀኑን እንኳ ሳይጠይቅ «ምግቡን የሚያዘጋጀው ማነው?» ይላል። ድንኳን የምታከራየውና ድግስ የምታሰናዳው አስያ ናት ካሉት እሺ ይላል፤ ሌላ ከሆነ ጉልበቱን ያመዋል። ሠርግ ቤት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው! «ጾመኛ ነው ስንል ሆዳም ሆንክልን?» ብላ አንድ ቀን ቀለደችበት። አልሳቀም።

አሁን ግን መሸሻ ጠፋ። የጌዶው ኦቦ መርጋ፣ እሑድ ልጃቸውን የሚድሩት፣ የሸነኗ ሴትዮ ዘመድ ኖረዋል፤ ማታውኑ ደውለው «ተሬፋ፣ አከም ጅርተ፣ እኔ ከአንተ ጋር ክፉ ቃል የለኝም፤ ካሜራህ ታይቶ ደህና ካልተባለ ግን የጉደሩን ልጅ እጠራለሁ» አሉት። እንደታዘዘ ሁሉ፣ ድምፅ ማጉያ ያሰረች ባጃጅ ከተማዋን ስትዞር ሰነበተች። የካሜራው ኩባንያ ሰዎች ሐሙስ በሆቴሉ አዳራሽ ይውላሉ፣ ምርመራ በነፃ፣ በጋራንቲ ጥገና፣ አሮጌውን በአዲስ ልዋጭ። ሸዋነሽ «ይኸው ደጅህ ድረስ መጡልህ» አለችው። ተሬፋ «አንቺ ውሰጅው» አለ። «ጉልበቴን ያመኛል።»

ሐሙስ ጠዋት ካሜራውን ራሱ ሸከፈላት። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገ፣ ባትሪውን አወጣ፣ መልሶ ከተተ፣ ቦርሳውን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። ሸዋነሽ ቆማ ስታየው ትምህርት ቤት ልጁን የሚልክ አባት መሰላት። በሩ ላይ ደርሳ ሳለ «ቢቀር ምን ነበር» አለ፣ ለሷ ይሁን ለራሱ ሳይለይ። እሷም እኮ ቢቀር ነበር የምትወደው። ካሜራው ከዳነ ልጇን በምን ታያለች? ገበያ ላይ አንዳንዴ ይተያያሉ፣ ሁለት ቃል ተባብለው፣ ሰው አየን ብለው ይለያያሉ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነው የኖራት። ግን እሑድ የኦቦ መርጋ ሠርግ ከቀረ ከዚያ በኋላ ማንም ሠርግ አይጠራቸውም፤ ዛሬ ጉርድ ፎቶ እንኳ ሰው በሞባይሉ ነው የሚያነሳው። የተበላሹትን ፎቶዎች ለማስረጃ ብላ ከሣጥኑ አውጥታ በፌስታል ያዘች። ሁሉንም ያዘች።

አዳራሹ በር ላይ ሠልፍ ነበር። የጉደር ፎቶ አንሺዎች፣ የጊንጪ ፎቶ አንሺዎች፣ ፍላሹ የሞተበት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ፣ የካሜራ ቦርሳ ብቻ ይዞ ካሜራው የጠፋበት የሚመስል ሰውዬ። አንዱ ሸዋነሽን አይቶ «አዴ ሸዋነሽ፣ ድንኳን የሚፈራውን ይዘሽው መጣሽ?» ሲል ሠልፉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፣ ምን ታድርግ። ተራዋ ሲደርስ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ ቤርሳቤህ የሚል ተለጥፏል። ሸዋነሽ የካሜራውን በሽታ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፣ ለሐኪም እንደሚነገር። ቤርሳቤህ አላቋረጠቻትም። ካሜራውን አንስታ ግድግዳውን አነሳች፣ ሰዓቱን አነሳች፣ ሠልፉን አነሳች፣ ሸዋነሽንም ሳታስበው አነሳቻት። አየችው። ሌንሱን ፈታ አብርታ አየች። እንደገና አነሳች።

«እናቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄ ካሜራ ጤነኛ ነው።»

«እንዴት ጤነኛ ይሆናል? ይኸው!» ሸዋነሽ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

ቤርሳቤህ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሜሞሪው ውስጥ ያሉትን በኮምፒውተሯ ከፈተች። «ወደዚህ ይምጡ» አለቻት፣ ወንበሯን እየሳበችላት። «ይቺን ቀይ አራት ማዕዘን ያዩዋታል? ካሜራው ያነጣጠረበትን ቦታ እሷ ናት የምታሳየው። ካሜራው በራሱ እንዳይመርጥ ተዘግቷል፤ የሚመርጡት ያነሱት ሰውዬ ናቸው፣ በአውራ ጣታቸው። ቀይዋ ያረፈችበት፣ እሳቸው ‹ይሄን› ያሉት ነው።»

ሸዋነሽ መነጽሯን አደረገች። የጉደሩ ሠርግ ወጣ፤ ቀይዋ አራት ማዕዘን የሃዋኒ ፊት ላይ ነበረች። የጌዶው ወጣ፤ ሃዋኒ ግራ ጥግ ነበረች፣ ቀይዋም ግራ ጥግ። የአምቦው ወጣ፤ ሃዋኒ ከምሰሶ ጀርባ ግማሽ ፊቷ ብቻ ይታያል፣ ቀይዋ እዚያች ግማሽ ፊት ላይ ተቀምጣለች። «እዚህ ጥግ ድረስ ለማምጣት ብዙ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል» አለች ቤርሳቤህ፣ «በስህተት አይሆንም።» መጨረሻ ላይ የሸነኑ መጣ፣ ሰሞኑን አልበሙ የተጣለው። እዚህኛው ላይ ቀይዋ ፊቷን ትታ ወርዳለች። ሆዷ ላይ ናት።

ሸዋነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤርሳቤህ ይህን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የመሰላት ሌላ ነው፣ ምስኪን። «እናቴ… ያነሱት ባለቤትዎ ናቸው?»

«ናቸው።»

«ይቺስ ሴት… ማን እንደሆነች ያውቋታል?»

«ልጁ ናት» አለች ሸዋነሽ። «ልጄ ናት።»

ቤርሳቤህ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ቶሎ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ጉድለት ስለሌለው በጋራንቲ ምንም ማድረግ እንደማይቻል፣ ከፈለጉ ግን በልዋጭ አዲሱን መውሰድ እንደሚችሉ፣ ትንሽ ብቻ እንደሚጨምሩበት ነገረቻት። አዲሱን ከካርቶኑ አውጥታ አሳየቻት። «ይሄኛው ፊት በራሱ ያውቃል። ሰው መምረጥ የለበትም። ሙሽራ በፍጹም አያመልጠውም።»

ሸዋነሽ አዲሱን በእጇ ይዛ አገላበጠችው። ቀላል ነው፣ ያምራል። እሑድ ይሄ ቢያዝ ኦቦ መርጋ ደስ ይላቸዋል፣ የሸነኗ ሴትዮ ታፍራለች፣ እንጀራቸውም ይቀጥላል። «ብዙ ሰው ካለስ?» አለች። «የማንን ፊት ነው የሚያየው?»

«ከፊት ያለውን። ቀረብ ያለውን።»

«ከኋላ ያለችውንስ?»

«እሷንማ ይተዋታል።»

ሸዋነሽ አዲሱን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ» አለች። «የራሳችን ይበቃናል።»

ደጅ ወጥታ ከሆቴሉ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ምግቡን የሚያዘጋጀው ማነው! ለካ እንዲህ ነው ነገሩ። ሃዋኒ ለአስያ ተቀጥራ እንደምትሠራ ያውቃል፤ እሷን ፍለጋ ነው ሸነን ጌዶ የሚንከራተተው። ባያት ዓይኔን ግንባር ያድርገው አለ እንጂ በመስታወት አላያትም አላለ። ሚካኤልን እያታለለ፣ ወይም እየለመነ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንዱ ልጁን ሲያይ ከርሟል፤ በኋላ ደሞ ካሜራው ታመመ ይላል። ሸዋነሽ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ተናደደችም፣ እንዴት አትናደድ? ይህን ሁሉ ሌሊት እሷ ለብቻዋ የምታለቅስ መስሏት፣ እሱ አጠገቧ ተኝቶ ያንኑ ሲያብሰለስል! አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት? ደሞ አሰበችው፤ እሷስ ሣጥኑን ከፍታ አሳይታው ታውቃለች? አቃጥይ ሲላት እሺ ነው ያለችው። ሁለት ሌባ ባንድ አልጋ።

ዝናቡ ሊመጣ ሲያጉረመርም ተነሳች። ቤቷ ወደ ቀኝ ነው፣ እሷ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ሁሉቃ ድልድይ፣ ወደ አስያ መጋዘን። እዚያ በር ላይ ብዙ ጊዜ አልፋለች፤ ገብታ አታውቅም። ውስጡ ድንኳኖች ተጠቅልለው፣ የፕላስቲክ ወንበሮች እስከ ጣራ ተደራርበው፣ አበባ የለበሰ የሙሽራ ሶፋ ላስቲክ ተጎናጽፎ ይታያል። ሃዋኒ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ብርጭቆ ትወለውላለች። እግሮቿ አብጠዋል፤ ጫማዋን ከተረከዝ ረግጣዋለች። እናቷን ስታይ ብርጭቆውን ይዛ ቀረች።

«ሀርሜ? ምን ሆናችሁ? አባባ አመመው?»

«ደህና ነው። ተቀመጪ፣ አትነሺ።» ሸዋነሽ ሌላ ሳጥን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። የት እንደምትጀምር ጠፋት። የልጇን ሆድ ከፎቶ ውጭ እንዲህ በቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇ ሳታዝዘው ሄዶ አረፈበት። ሃዋኒ አልከለከለቻትም። ሁለቱም ዝም አሉ፣ ውስጥ ያለው ግን ዝም አላለም፣ ረገጠ።

«ወደ ቤት ነይ» አለች ሸዋነሽ።

«አባባ ጠርቶኛል?»

«ጠርቶሻል።»

«በአፉ?»

ሸዋነሽ መዋሸት አልቻለችም። ቀይዋን አራት ማዕዘን ነገረቻት፤ ጥጉን፣ ምሰሶውን፣ የሸነኑን፣ ሆዷ ላይ ያረፈችውን። ልጇ የምትደነግጥ መስሏት ነበር። ሃዋኒ አልደነገጠችም። አንገቷን ደፍታ ብርጭቆውን መወልወል ቀጠለች፣ የተወለወለውን ደግማ።

«አውቃለሁ» አለች። «ካሜራው ወደኔ ሲዞር ይሰማኛል። ሌሎቹ ሴቶች ሳህን አድርሰው ይመለሳሉ፤ እኔ ኬኩ ሲቆረስ እቆምለታለሁ። ገለታ በዚህ ሆድሽ ሥራው ይቅርብሽ፣ እኔ አበላሻለሁ እያለ በየቀኑ ይጨቀጭቀኛል። እንዴት ብዬ ልንገረው? አባባን የማየው እዚያ ብቻ ነው እኮ። እሱም ግማሽ ፊቱን ነው የማየው፣ ግማሹ በካሜራው ተሸፍኖ።»

ሸዋነሽ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ተነስታ የልጇን ሽርጥ ከወገቧ ፈታች። «እሱ እየፈራ፣ አንቺ እየጠበቅሽ፣ እኔ እየደበቅሁ፣ ይቺ ሕፃን ድንኳን ውስጥ ልትወለድ ነው» አለች። «በቃ። ጉርድ ፎቶ ፈልገሽ ነው የምትሄጅው። ደንበኛ ነሽ። ደንበኛ አይባረርም።»

ባጃጇ ፎቶ ቤቱ ደጅ ስትደርስ ዝናቡ ወርዶ ነበር። ፊተኛው ክፍል ባዶ ነው፤ ተሬፋ ጓዳ ሆኖ የሬዲዮ ባትሪ ሲቀያይር ይሰማል። ሸዋነሽ ልጇን በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት፣ ካሜራውን አውጥታ ስታንዱ ላይ ገጠመችው፣ እንዴት እንደሚገጠም ስንት ዘመን አይታለች። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቆመች።

ተሬፋ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀ ሰው ፊት ነው። «ምን አሉሽ?» አለ።

«ጤነኛ ነው አሉ።»

የሬዲዮውን ክዳን ደጋግሞ ለመግጠም ሞከረ፣ አልገጥም አለው።

«አባ ሃዋኒ» አለችው ሸዋነሽ። ስሙ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆኖባት ነበር። «ደንበኛ አለች። ጉርድ ነው የፈለገችው።»

ተሬፋ ስሙን ሰምቶ እጁ ቆመ። ጥቂት እንደቆየ ተነሳ፣ አንገቱን እንደደፋ በአጠገቧ አልፎ ወጣ፣ ደንበኛዋን ቀና ብሎ ሳያይ በቀጥታ ወደ ካሜራው ሄዶ ዓይኑን አስጠጋ። ሸዋነሽ ከመጋረጃው ሥር ሆና ጀርባውን አየችው። ትከሻው እንደ ዱላ ደረቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሃዋኒ እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አቀርቅራ፣ ከካሜራው ፊት ተቀምጣለች። አሁን ከመሀላቸው ሙሽራ የለም፣ ኬክ የለም። ተሬፋ ከካሜራው ዓይኑን አላነሳም፤ ቁልፉንም አልተጫነውም። ሸዋነሽ ሚካኤልን ለመነች። ለማንም አድርገህ የማታውቀውን ይቅርታ ዛሬ አድርግለት አለችው፣ ካልሆነም የኔን ዓይን ውሰድና የሱን ተውለት።

«ቀና» አለ ተሬፋ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ሃዋኒ ቀና አላለችም። እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል።

«ቀና በይ እንጂ» አለ ድጋሚ፣ ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ። «ሃዋኒ።»

ሸዋነሽ ያን ስም ከአፉ ከሰማች ሁለት ዓመቷ ነው። ሃዋኒ ጭራሽ ባሰባት። አሁን ትቶ በጓሮ በር ይወጣል ብላ ሸዋነሽ መንገዱን ልትዘጋበት ተዘጋጀች። እሱ ግን ከካሜራው ጀርባ ወጣ። ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ተከትሎ፣ ጨለማ ቤት እንደሚሄድ ሰው እየዳበሰ መጣ። በርጩማው ዘንድ ሲደርስ እጁን አነሳና በለመደው ሁለት ጣቱ አገጯን ፈልጎ ያዘ። አገጯ እርጥብ ነበር። ቀስ አድርጎ አነሳው፤ አገጯ ሲነሳ የሱም ዓይን አብሮ ተነሳ።

አያት። ሚካኤል ምንም አላደረገውም። ረጅም ጊዜ አያት፣ ግንባሯን፣ እርግዝና ያጠቆረውን ጉንጯን፣ ያበጠ እግሯን፣ እንደገና ፊቷን። ሸዋነሽ መጋረጃውን ጨብጣ ጠበቀች፤ የመጣው ቃል የፎቶ አንሺ ቃል ነበር።

«ዓይንሽ ቀልቷል» አለ ተሬፋ። «በዚህ ዓይን ፎቶ አይሆንም። ግቢና ጋደም በይ፤ ሲሻልሽ እናነሳለን።»

ሸዋነሽ ከመስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ ልታነጥፍ ገባች።